750 ዋቱን በ250 ዋት፦ የአሮጌ 16 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተር አምፖል የማስለወጥ ሥራ ሲገመገም

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ባለፈው ዓመት ያሠራሁትን አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ በ115 ቮልት የሚሠራና 750 ዋት አምፖል የሚፈልግ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ፕሮጀክተሬን ባለ 24 ቮልት፣ 250 ዋት የሃሎጅን አምፖል እንዲቀበል ማስለወጤን። ሥራው የተሳካው በሦስተኛው ሙከራ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገንዘብ አስከፍለውኝ ከንቱ የቀሩ ናቸው። ሦስተኛው ግን እነሆ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ማሽኑም በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያሳፍረኝ ይሠራል። ስለዚህ ግምገማዬ አምፖሉን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም፣ ትራንስፎርመሩንም፣ ይህንን ለማሠራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባውንም ነገር ይመለከታል።

ማሽኑ የአጎቴ ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው የጤናና የግብርና ትምህርት ፊልሞችን በመኪና ጭነው በየገጠሩ ከሚያሳዩት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ፤ አንድ ትምህርት ቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲሸጥ ደግሞ ይህንን ፕሮጀክተር ከነሣጥኑና ከነድምፅ ማጉያው፣ ከአራት ያልተነኩ አምፖሎች ጋር ገዙት። ቤል ኤንድ ሃወል ፊልሞሳውንድን ወይም ኮዳክ ፔጀንትን የሚያውቅ ሰው ዓይነቱ አይጠፋውም፤ በአንድ ወቅት በአሜሪካ የመማሪያ ክፍሎች ሁሉ ይታዩ ከነበሩት፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሲያነሣቸው ትከሻው ከሚዘነብልባቸው ከባድ ማሽኖች አንዱ ነው። ከአራቱ አምፖሎች ሦስቱ በአጎቴ እጅ አለቁ። አራተኛው በእኔ እጅ፣ ስለ ወባ መከላከል የሚያስተምር አጭር ፊልም ለሰፈር ልጆች እያሳየሁ ሳለ፣ ሰማያዊ ብልጭታ አሳይቶ ተቃጠለ። ልጆቹ የፊልሙ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

እንዲህ ያለው አምፖል ዕድሜው ከመጀመሪያውም አጭር ነው። በካርቶኑ ላይ 25 ሰዓት ተብሎ ተጽፎበታል፤ በዚያው አንገት የሚገጠመው ባለ 1000 ዋቱ እንደየዓይነቱ 25 ወይም 10 ሰዓት ብቻ ይሰጣል። ምክንያቱም ክሩ የነጣ ብርሃን እንዲሰጥ ሲባል ከተራ የቤት አምፖል ክር እጅግ አብልጦ ስለሚግልና በዚያው ልክ ቶሎ ስለሚሳሳ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል። ማሽኑ በ115 ቮልት ስለሚሠራ ከ220 ቮልት መስመር ጋር የሚገናኘው በማውረጃ ትራንስፎርመር በኩል ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን መስመሩ ከፍ ሲል አብሮ ከፍ ይላል እንጂ አይቆጣጠርም። የክር አምፖል ዕድሜ በቮልቴጁ 13ኛ ርቢ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ማታ ሰው ሁሉ ተኝቶ መስመሩ ከ220 ወደ 240 ቮልት ከወጣ የአምፖሉ ዕድሜ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ 25 ሰዓት የተባለው 8 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። አጎቴ «እነዚህ አምፖሎች ሌሊት አይወዱም» ይሉ የነበረው ለቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ምትክ መግዛት አይቻልም ለማለት አይደለም። ትልልቆቹ አምራቾች ማምረቱን ስለተዉት አሁን የሚገኘው በየመጋዘኑ የቀረ አሮጌ ክምችት ነው፤ እሱም በውጭ አገር ሻጮች እጅ በየጊዜው ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። እኔ አንድ ዘመድ በሻንጣው እንዲያመጣልኝ ጠይቄ አምፖሉ አዲስ አበባ የደረሰው ክሩ ከድጋፉ ወልቆ ነበር። ብርጭቆው ምንም ሳይሆን ውስጡ ተንጠልጥሎ ሲንቀጫቀጭ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ያን ዕለት ሌላ መንገድ መፈለግ እንዳለብኝ ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ኤልኢዲ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ባለ 100 ዋት የኤልኢዲ ሰሌዳ ከነማቀዝቀዣው በአምፖሉ ቦታ ገጥሞ፣ በሁለት ቀን ውስጥ «ከድሮው ይበልጣል» ብሎ አስረከበኝ። ክዳኑ ተከፍቶ ሲታይ በእርግጥ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ነበረው። ፊልም አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሳሳየው ግን መሀሉ ደብዛዛ፣ ጠርዙ ጨለማ የሆነ ምስል ነው የወጣው። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ብርሃን የሚያልፍበት መስኮት 9.65 በ7.21 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጥፍር አይበልጥም። የዚያ ዓይነት የኤልኢዲ ሰሌዳ ብርሃን የሚያወጣበት ገጽ ደግሞ የፖስታ ቴምብር ያህላል። ከሰፊ ገጽ በየአቅጣጫው የሚበተንን ብርሃን፣ አብዛኛውን ሳያፈስሱ በጠባብ መስኮት አሳልፎ ወደ ሌንስ ማስገባት በየትኛውም ዓይነት መስታወት አይቻልም፤ የእንስራ ውኃ ባንዴ በጠርሙስ አፍ ልገልብጥ እንደ ማለት ነው። አምፖሉ ስንት ዋት ይበላል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ትርጉም አጥቶ፣ ብርሃኑ ከምን ያህል ትንሽ ቦታ ይወጣል የሚለው ብቻ ይቀራል።

ሌሎች ሁለት ጉድለቶችም ነበሩበት። የኤልኢዲው መንጃ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን መጥኖ የሚሰጠው ክፍል፣ ብርሃኑን የሚቀንሰው በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለነበር፣ በሰከንድ 24 ምስል ከሚያሳየውና እያንዳንዱን ምስል ሦስት ጊዜ ከሚጋርደው የማሽኑ ሸተር ጋር፣ ማለትም በሰከንድ 72 ጊዜ ከሚቆራረጥ ብርሃን ጋር፣ አልስማማ ብሎ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ የሚተነፍስ ማዕበል ፈጠረ። ቀለሙም አልሆነም፤ ርካሽ ኤልኢዲ ጥልቁን ቀይ ቀለም አሳንሶ ስለሚሰጥ የሰው ፊት ሁሉ አመድ የነፋበት መሰለ። ለፍትሕ ያህል፣ ገጹ ትንሽ የሆነ፣ ቋሚ ኤሌክትሪክ በሚሰጥ መንጃ የሚሠራና ቀለምን በሚገባ የሚያሳይ ኤልኢዲ ቢገኝ ሙቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ለተጨማደደ አሮጌ ፊልም ይመረጣል። እንዲህ ያለው ግን ርካሽ አይደለም፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ርካሽ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ከኋላው የራሱ አንጸባራቂ መስታወት ያለው፣ በፋብሪካ መለያው ኢኤልሲ የሚባለው የ24 ቮልት፣ 250 ዋት ሃሎጅን ነው። ይህ አምፖል በዲስኮና በመድረክ መብራቶች ውስጥ ስለሚገባ በቀላሉ ይገኛል፤ ዋጋውም ለአሮጌው አምፖል ከተጠየቅሁት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ችግሩ የእኔ ማሽን የተነደፈው ለሌላ ዓይነት አምፖል መሆኑ ነው። ኢኤልሲ ብርሃኑን ከፊቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ነጥብ ይሰበስባልና የፊልሙ መስኮት በትክክል እዚያ ነጥብ አካባቢ መገኘት ይኖርበታል፤ በእኔ ማሽን ግን በመካከል ብርሃን ሰብሳቢ ሌንሶች ተደርድረዋል፣ የአምፖሉ ቤትም ጠባብ ነው። ሌንሶቹ ወጥተው፣ አምፖሉ በቆርቆሮ ታስሮ ሲሞከር መሀሉ እንደ ፀሐይ የሚያበራ፣ ዳርና ዳሩ የጠቆረ ምስል ሰጠ።

ከዚህ የከፋው ሽቦው ነበር። 250 ዋት በ24 ቮልት ሲካፈል ከ10 አምፔር በላይ ይሆናል፤ አሮጌው 750 ዋት እንኳ በ115 ቮልት የሚስበው 6 ተኩል አምፔር ብቻ ነበር። ዋቱ ወደ ሲሶ ስለወረደ ሽቦውም ሊቀጥን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የገጠመልኝ ቤት፣ ይህንንም አልሰይመውም፣ ለራዲዮ የሚሆን ቀጭን ሽቦ ዘርግቶ በፕላስቲክ ማገናኛ አያይዞት ነበርና ፊልሙ ከተጀመረ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ክዳኑን ስከፍት ማገናኛው እንደ ሻማ ቀልጦ በፋኑ ክንፍ ላይ ተንጠባጥቧል። ስመልሰው የተሰጠኝ መልስ «አምፖሉ ነው እንጂ ሥራችን አይደለም» የሚል ነበር። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ 10 አምፔር ሲያልፍበት በየአንድ ሜትሩ ደርሶ መልስ ግማሽ ቮልት ያህል ይበላል፤ ከ220 ቮልት ግማሽ ቢጠፋ ማንም አይሰማውም፣ ከ24 ላይ ሲጠፋ ግን ብርሃኑ ሲቀንስ በዓይን ይታያል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፣ በተቻለ መጠን አጭር፣ ሙቀት የሚችል ሽፋን ያለው፣ ጫፉም በጠንካራ ብሎን የታሰረ መሆን አለበት። ይህንን ከሥራው በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ ቀልጦ ከመማር ይሻላል።

ሦስተኛውን ሥራ የሠሩልኝ፣ ዕድሜያቸውን በሲኒማ ቤት ማሽኖችና በሕክምና መሣሪያ ጥገና ያሳለፉ አንድ አዛውንት ባለሙያ ናቸው። ፕሮጀክተሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ «ጋሼ፣ ይኼንን በ250 ዋት ማድረግ ይቻላል?» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው የአምፖሉን ቤት በእጅ ባትሪ ሲመረምሩ ቆዩና፣ «ዋቱን ተወው ልጄ። ክሩ የት ነው የሚቀመጠው? እሱን ንገረኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የተቃጠለውን አምፖል አምጣ አሉኝ፤ እንደ ዕድል ሆኖ አልጣልሁትም ነበር።

ሥራው የተጀመረው ከዚያ ከተቃጠለው አምፖል ነው። ይህ ዓይነቱ አምፖል በጠመዝማዛ ጥርስ ሳይሆን በሁለት እኩል ባልሆኑ ክንፎች ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ የሚቆለፍ የብረት አንገት አለው፤ ክንፎቹ እኩል ያልሆኑት አምፖሉ ዞሮ እንዳይገባና ክሩ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ሌንሱ እንዲያደርግ ነው። ከክንፎቹ እስከ ክሩ እምብርት ያለው ከፍታ በፋብሪካ የተወሰነ ሲሆን 55.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለሙያው ብርጭቆውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ሰበሩት፤ የብረቱን አንገት ከውስጡ ካለው ሙጫ አጽድተው ባዶ ካደረጉት በኋላ፣ በካሊፐር ለክተው ከቶርኖ ቤት አንዲት የነሐስ ቀለበት አስቀረጹ። የመረጡት አዲስ አምፖል ኢኤችጄ በሚል መለያ የሚታወቀው፣ አንጸባራቂ የሌለው፣ በሁለት መርፌ መሰል እግሮቹ የሚሰካ ትንሽ የሃሎጅን ካፕሱል ነው፤ በዚህኛው ከብርጭቆው ግርጌ እስከ ክሩ እምብርት ያለው ከፍታ 33 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የሸክላ ሶኬቱ አናት ከአሮጌዎቹ ክንፎች 22.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። የነሐስ ቀለበቷ ሥራ ይኸው ነበር። የሥራው ሁሉ ምስጢር ያለው በዚያች ቁጥር ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ክሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ሌንሶቹ የሚሰበስቡት ብርሃን ከመስኮቱ ላይ ይንሸራተታል።

ቀጥሎ የሆነውን አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ከአምፖሉ ጀርባ፣ ማሽኑ ሲሠራ ጀምሮ የነበረ ጎድጓዳ መስታወት አለ፤ ተግባሩ ወደ ኋላ የሚያመልጠውን ብርሃን መልሶ በክሩ በኩል ወደ ፊት መላክ ነው። ባለሙያው የፊት ሌንሱን ነቅለው፣ አምፖሉን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ደብዘዝ አድርገው አብርተው፣ ብርሃን ከሚወጣበት ፊት ነጭ ወረቀት አቁመው ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅሱ የክሩ ጥምዝምዞች ምስል ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ከጎኑ ደግሞ ትንሽ የፈዘዘ ሁለተኛ ምስል አለ። ያ ሁለተኛው መስታወቱ የመለሰው ነው። በካቻቢቴ የመስታወቱን ብሎን እሩብ ዙር እሩብ ዙር እያሉ ሲያዞሩ ሁለተኛው ምስል ቀስ እያለ ተጠጋ፣ መጨረሻም የአንዱ ጥምዝምዞች በሌላው ክፍተቶች መካከል ገቡና ድርና ማግ እንደያዘ ሸማ አንድ ወጥ የብርሃን ገጽ ሆኑ። ሌንሱ ተመልሶ ግድግዳው ሲበራ ከአራቱም ማዕዘን እኩል ነበር። ለዚያች አንድ ሰዓት ሥራ ብቻ የጠየቁትን ሁሉ ብከፍላቸው አይቆጨኝም።

ትራንስፎርመሩን በተመለከተ የወሰዱት ውሳኔም የሚመሰገን ነው። በየሱቁ የሚገኘው ትንሹ የኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር ርካሽ ቢሆንም አብዛኛው የተሠራው ለ12 ቮልት ነው፤ በተጨማሪም በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚቆራርጥ ከፊልሙ ዳር ያለውን የድምፅ መስመር የሚያነበውን ስስ ክፍልና ማጉያውን ሊረብሽ ይችላል። እሳቸው የመረጡት ከባድ፣ ክብ፣ በመዳብ የተጠመጠመ 300 ቮልት አምፔር የሚችል ትራንስፎርመር ነው። ይህ ትራንስፎርመር ከ230 ቮልት ወደ 24 እንዲያወርድ የተሰላ ስለሆነ በእኛ 220 ሲሠራ የሚሰጠው 23 ቮልት ያህል ነው። እኔ ይህንን እንደ ጉድለት ቆጥሬ ስጠይቃቸው ሳቁ። ቮልቴጁ 4 በመቶ ያህል ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ 14 በመቶ ይቀንሳል፣ የአምፖሉ ዕድሜ ግን ከግማሽ በላይ ይረዝማል፤ መስመሩ ሌሊት ወደ 240 ቢወጣም አምፖሉ የሚያገኘው 25 ቮልት ነው እንጂ እንደ አሮጌው በአንድ ምሽት የሚያልቅ አይደለም። ለኢኤችጄ የተሰጠው ዕድሜ 50 ሰዓት ነው። በዚያው ሶኬት የሚሰካ፣ ኢቪሲ የሚባል ባለ 300 ሰዓት ዓይነትም አለ፤ ብርሃኑ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ ለትንሽ ክፍል ግን እሱን ብመርጥ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት የደኅንነት ጉዳዮችን እዚህ ላይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያው፣ አሮጌው የአምፖል ሶኬት ከ115 ቮልቱ መስመር ጋር እንደተገናኘ ከቀረ አዲሱ አንገት በገባበት ቅጽበት ባለ 24 ቮልቱ ክፍል ሊቃጠል፣ የሚነካውም ሰው ሊመታ ይችላል፤ ስለዚህ አሮጌዎቹ ሽቦዎች ከሶኬቱ ተነቅለው፣ ተሸፍነውና ምልክት ተደርጎባቸው መቀመጥ አለባቸው። ሁለተኛው፣ አሮጌው የማሽኑ የአምፖል ማብሪያ ሞተሩና ፋኑ ሳይሽከረከሩ አምፖሉን አያበራም ነበርና ያንን ጠባቂ ሥርዓት መጣል አይገባም። ባለሙያው ያደረጉት፣ ማብሪያው አንዲት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እንዲያነሣና ሪሌዩ ደግሞ ትራንስፎርመሩን እንዲያበራ ነው። ዛሬም ፋኑ ካልዞረ አምፖሉ አይበራም። አንዳንድ ሠራተኛ አምፖሉን በተለየ ማብሪያ ከውጭ ያስገባል፤ ያ ፊልም ለማቃጠል የተዘጋጀ ማሽን ነው።

ስለ ፋኑም አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። ፋኑ 750 ዋት እንዲያቀዘቅዝ የተሠራ ስለሆነ ለ250 ዋት ይተርፋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ መትረፉም ችግር ነው። የሃሎጅን አምፖል ከክሩ የተነነውን ብረት መልሶ ክሩ ላይ የሚያሳርፈው ብርጭቆው ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው፤ በነፋስ ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ይጠቁራል። ከታች ያለው የእግሮቹ መዝጊያ ደግሞ በተቃራኒው ከ350 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። ስለዚህ ነፋሱ ከላይ እንዳያገኘው፣ ከታች ግን እንዲያቀዘቅዘው አንዲት የተጎነበሰች ቆርቆሮ ተደረገችለት። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆው እንደ መጀመሪያው ቀን ንጹሕ ነው። ለማንኛውም አምፖሉን በባዶ ጣት መንካት ክልክል ነው፤ የጣት ቅባት በሙቀቱ ብርጭቆው ላይ ይጋገርና ያን ቦታ ያዳክመዋል። እኔ በንጹሕ ጨርቅ ይዤ እሰካዋለሁ፣ ከተሳሳትሁም በአልኮል አብሼው ነው የማበራው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ምን ይመስላል? ሁለት ሜትር ስፋት ባለው ሸራ፣ በጨለመ ክፍል፣ ምስሉ ደማቅና ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ከአሮጌው አምፖል ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ባልችልም በትዝታዬ ዝቅ ማለቱ ይታወቀኛል፤ ይሁን እንጂ ዋቱ ወደ ሲሶ ስለወረደ ብርሃኑ ወደ ሲሶ አልወረደም። የሃሎጅን ክር አብልጦ ስለሚግል ከእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር የሚወጣው ብርሃን ይበልጣል፣ መጠኑም ትንሽ፣ 7 በ3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሌንሶቹ የሚያባክኑት ያነሰ ነው። አሮጌው 750 ዋት ከሚሰጠው ብርሃን ብዙው የሄደው የአምፖሉን ቤት ግድግዳ ለማሞቅ ነበር። ቀለሙ ከቀድሞው ጥቂት ነጣ ያለ ሲሆን፣ ከዘመን ብዛት ወደ ሮዝ ለተቀየሩት የቀለም ቅጂዎች መድኃኒት ባይሆንም ለጥቁርና ነጩ በጣም ተስማምቶታል። መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ግን አልሞክረውም፤ ለዚያ የሚበቃ አይደለም።

ሌላው ትርፍ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቀድሞ አምፖሉ፣ ሞተሩና ማጉያው በአንድነት ከ1000 ዋት በላይ ስለሚፈልጉ ማውረጃ ትራንስፎርመሩ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነበር፤ አሁን በ115 ቮልት የቀሩት ሞተሩና ማጉያው ብቻ ስለሆኑ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ማውረጃ ይበቃቸዋል። የእኔ ማሽን ሞተር ፍጥነቱን ራሱ የሚቆጣጠር፣ ካርቦን ብሩሽ ያለው ዓይነት በመሆኑ የእኛ 50 ኸርዝ አያስቸግረውም፤ ፍጥነቱ ከመስመሩ ጋር የታሰረ የ60 ኸርዝ ሞተር ያለው ሰው ግን አምፖሉን ቢያስለውጥም ማሽኑ በሰከንድ በ24 ፈንታ 20 ምስል እያሳየ፣ ድምፁም እየጎረነነ ይቀጥላልና ያ ሌላ ሥራ ነው። ሙቀቱም ቀንሷል። የአሮጌ ፊልም የመበላሸት ምልክት የሆነው የኮምጣጤ ሽታ ትንሽ የጀመረውና የተጨማደደው አንዱ ጥቅል ቀድሞ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ይንቆራጠጥ ነበር፤ አሁን ረጋ ብሎ ያልፋል። የድምፅ ማንበቢያዋ ትንሽ አምፖል ከዚህ ሁሉ የተለየች ስለሆነች አልተነካችም።

ይህ ሥራ ለማን እንደማይሆንም ልናገር። ከጃፓን የመጡት የኤይኪና የኤልሞ ማሽኖች ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም በዝቅተኛ ቮልቴጅ ባለ መስታወት ሃሎጅን የሚሠሩ ስለሆኑ ቅየራ አያስፈልጋቸውም። እነሱ ላይ የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንዱ የሚፈልገው ኢጄኤል የተባለውን ባለ 24 ቮልት፣ 200 ዋት ነውና ርካሹ ኢኤልሲ በዚያው ሶኬት መሰካቱን አይተው 250 ዋቱን ያስገቡበታል። የማሽኑ ትራንስፎርመር 8.3 አምፔር ለመስጠት ተሠርቶ 10.4 ሲጠየቅ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ማሽን ያላቸውም አይቸኩሉ፤ ብዙዎቹ ሱፐር 8 ማሽኖች የሚወስዱት 12 ቮልት፣ 100 ዋቱ ኢኤፍፒ አሁንም ይገኛል።

ወጪውን ስደምረው ትራንስፎርመሩ፣ ሶኬቱ፣ ቶርኖው፣ ሁለት አምፖልና የባለሙያው ዋጋ በአንድነት ከውጭ ለማስመጣት ከተጠየቅሁበት የሁለት አሮጌ አምፖሎች ዋጋ በጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩን በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል ብቻ ለሚያወጣ ሰው ሥራው አያዋጣም፤ አንድ አሮጌ አምፖል ገዝቶ በጥንቃቄ መያዝ ይሻለዋል። እንደ እኔ በየወሩ ለሚጠቀም ግን ከ50 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ቅሬታ ካለኝ አንድ ነው፤ ባለሙያው ሥራውን በሁለት ሳምንት ጨርሳለሁ ብለው ሰባት ሳምንት ወሰደባቸው፣ ስደውልም «ቶርኖ ቤቱ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልነበራቸውም።

ካስረከቡኝ በኋላ ያደረጉትን ግን አልረሳውም። የማሽኑን አንድም የጥንት ክፍል አልቆረጡም፣ አልበሱም፤ ሁሉም የሚመለስ ነው። የተነቀሉትን አሮጌ ሽቦዎች፣ ሁለት ብሎኖችና አንዲት ትርፍ ካፕሱል በትንሽ ከረጢት ጠቅልለው ክዳኑ ውስጥ አስቀመጡልኝ፤ በላዩም በእርሳስ «22.5» ብለው ጽፈውበታል።